ቦርዱ ያዛል እንጂ አይሸከምም

ሰላም ለሁላችሁም። ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ዕቃዎች እያነሳሁ ስለማሳያችሁ ከኋላ ሆናችሁ ምንም አይታያችሁም።

ዛሬ የማወራው እንደ አርዱዊኖ ካሉ በኮድ ከሚታዘዙ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች ጋር ሞተር ስለማገናኘት ነው፤ ስለ ኮድ ብዙም አላወራም። ሞተር የሚያዞር ኮድ ሁለት ሦስት መስመር ነው፣ እሱ እዳው ገብስ ነው። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሰው ቦርዱ ላይ ኤልኢዲ፣ ማለትም ትንሽ መብራት፣ ብልጭ ድርግም አድርጎ ደስ ይለዋል፣ ከዚያ ኤልኢዲውን ይነቅልና እዚያው ፒን (የቦርዱ መሰኪያ) ላይ ትንሽ ሞተር ይሰካል፣ ሞተሩ ጭጭ ይላል ወይ ትንሽ እዝዝ ብሎ ይቆማል፣ ሰውየውም ቀጥታ ወደ ኮዱ ይሄዳል። መስመር ይቀይራል። ላይብረሪ፣ ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀውን ኮድ፣ ይለውጣል። አንዳንዱ ጭራሽ ሌላ ቦርድ ይገዛል። ኮዱ ግን ከመጀመሪያውም ምንም አልሆነም፤ ያነሰው ከረንት፣ በሽቦው የሚፈሰው የኤሌክትሪክ መጠን፣ ነው።

የምለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ቦርዱ ትእዛዝ ይሰጣል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ማንኛውንም ዕቃ ከመሰካታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ይሄ ዕቃ ስንት ከረንት ይፈልጋል? ያ ከረንት ከየት ወጥቶ በየት በኩል ይመለሳል? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ካላችሁ ቀሪው ሽቦ መሰካት ብቻ ነው።

ቁጥሮቹን እንያቸው። አብዛኛው ሰው የጀመረበት አርዱዊኖ ኡኖ፣ አር3 የሚባለው፣ ላዩ ላይ ያለው ቺፕ ኤቲሜጋ328ፒ ነው። የአንድ ፒን የመጨረሻ ጣሪያ 40 ሚሊአምፔር ነው። ጣሪያ ሲባል ግን «እስከዚህ ድረስ ተጠቀሙ» ማለት አይደለም፤ ከዚህ ካለፈ ቺፑ ሊበላሽ ይችላል ማለት ነው። በሰላም የሚኖረው 20 ሚሊአምፔር አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ሁሉም ፒኖች ተደምረው ከ200 ማለፍ የለባቸውም። ኤልኢዲ በ220 ኦም ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ ዕቃ) ስታገናኙ የሚወስደው 13 ወይም 14 ሚሊአምፔር ነው፣ ለዚህ ነው ያለ ችግር የሚበራው። በ2023 የወጣው ኡኖ አር4 ደግሞ መልኩ ከቀድሞው ጋር ያው ነው፣ ቀዳዳዎቹም ያው ናቸው፣ ግን ቺፑ ሌላ ስለሆነ አንድ ፒኑ የሚችለው 8 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ያ በ220 ኦም ያበራችሁት ኤልኢዲ እዚህ ሲመጣ ከልክ በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «በድሮው ቦርድ ሠርቶልኛል» የሚለውን እርሱት፤ የራሳችሁን ቦርድ ዳታሺት፣ አምራቹ ያወጣውን የመረጃ ሰነድ፣ ክፈቱ።

አሁን ይቺን ቢጫ ሞተር እዩአት። የፕላስቲክ ጥርሶች ያሏት፣ የትንንሽ ሮቦት መኪና ጎማ የምታዞረዋ። ጭነት ሳይኖርባት ስትዞር ከ100 እስከ 200 ሚሊአምፔር ትወስዳለች። ይሄ ራሱ ለፒኑ ብዙ ነው። ዋናው ጉድ ግን ስትነሳ ነው። ሞተር እየዞረ እያለ ራሱም ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ የሚያመነጨው ቮልት ከባትሪው ጋር ይቃረናል፣ ከረንቱን ዝቅ አድርጎ የሚይዘው ይሄ ተቃራኒ ቮልት ነው። ከመነሳቱ በፊት ግን አይዞርም። በዚያች ቅጽበት ባትሪው ፊት ያለው የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ብቻ ነው፣ ሌላ የሚያግደው ነገር የለም።

ይህን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቴስተሩን ኦም ላይ አደረግኩት፣ ሁለቱን ጫፎች የሞተሯ እግሮች ላይ ያዝኩ። አሁን ዘንጓን በጣቴ ቀስ አድርጌ ሳዞር ቁጥሩ ሲዘል ታያላችሁ አይደል? ውስጥ ያሉት ብሩሾች ከአንዱ ጥቅልል ወደ ሌላው ሲያልፉ ነው እንደዚያ የሚሆነው። ከሚታዩት ቁጥሮች ዝቅተኛውን ውሰዱ። 6 ኦም ነው እንበል፤ በ6 ቮልት ባትሪ ብታስነሷት 6 ለ6 ሲካፈል 1 አምፔር፣ ማለትም 1000 ሚሊአምፔር። ፒናችን ምን ያህል ነበር የሚችለው? 20 ሚሊአምፔር። ሃምሳ እጥፍ ነው የጠየቅነው! ጎማው ግድግዳ ገፍቶ ቢቆምም ያው 1 አምፔር ነው፣ ልዩነቱ ያኔ ለቅጽበት ሳይሆን እስክታጠፉት ድረስ መሆኑ ነው። ድራይቨር፣ ማለትም በቦርዱና በሞተሩ መሃል ሆኖ ከረንቱን የሚሸከመውን ዕቃ፣ ስትመርጡ መያዝ ያለባችሁ ቁጥር ይሄኛው ነው። ሻጩ ማስታወቂያው ላይ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ባዶዋን ስትዞር ያለውን ነው፣ እሱ አይጠቅማችሁም።

እሺ፣ ፒኑ ካልቻለ ማን ይቻል? ትራንዚስተር። በትንሽ ከረንት የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ በሉት፤ ሦስት እግሮቹ ኮሌክተር፣ ኤሚተርና ቤዝ ይባላሉ። የሞተሩ ፖዘቲቭ በቀጥታ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ይሄዳል። የሞተሩ ኔጌቲቭ ትራንዚስተሩ ኮሌክተር ላይ። ኤሚተሩ ግራውንድ (ከረንቱ የሚመለስበት የኔጌቲቭ መስመር) ላይ። ከፒኑ ደግሞ በሬዚስተር አድርጋችሁ ወደ ቤዝ። አሁን ፒኑ የሚሰጠው ትንሽ ከረንት ትልቁን ከረንት ያበራል ያጠፋል። 2ኤን2222 የሚባለው ትራንዚስተር ሲነሳ ከግማሽ አምፔር በላይ ለማይጠይቅ ትንሽ ሞተር ይሆናል።

ቤዙ ላይ ያለውን ሬዚስተር ግን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ብዙ ሥዕል ላይ 1 ኪሎ ኦም ተብሎ ታገኛላችሁ። ከ5 ቮልት የቤዙን 0.7 ቀንሳችሁ ለ1000 ስታካፍሉት 4.3 ሚሊአምፔር ይመጣል። ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት ደግሞ ቤዙ ላይ የሞተሩን ከረንት አንድ አሥረኛ ገደማ መስጠት የተለመደ ነው። በ4.3 የምትከፍቱት እንግዲህ 43 ሚሊአምፔር አካባቢ ነው፣ ሞተሯ ደግሞ ባዶዋን ስትዞር እንኳ እስከ 200 ትፈልጋለች። ውጤቱ ምን ይሆናል? ትራንዚስተሩ ግማሽ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ቮልቱን እሱ ይበላዋል፣ ይግላል፣ ሞተሯ ትዝላለች። አር3 ላይ ሬዚስተሩን 220 ኦም ብታደርጉት 20 ሚሊአምፔር ገደማ ይሰጣል፣ የፒኑ አቅም እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚህ በላይ ለሚፈልግ ሞተር ሞስፌት የሚባለው ሌላ ዓይነት ትራንዚስተር ነው መፍትሔው፣ ምክንያቱም ሞስፌት አንዴ ከተከፈተ በኋላ ከፒኑ የሚጠይቀው ከረንት የለም ማለት ይቻላል።

ሞስፌት ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ግለጡ። አይአርኤልዜድ44ኤን እና አይአርኤፍዜድ44ኤን መልካቸው አንድ ነው፣ ልዩነታቸው መሃል ላይ ያለችው አንዷ ፊደል ናት። «ኤል» ያለበት በ5 ቮልት በደንብ ይከፈታል። «ኤፍ» ያለበት በደንብ እንዲከፈት በጌቱ (ትእዛዝ በሚቀበለው እግሩ) ላይ 10 ቮልት ይፈልጋል። በ5 ቮልት ትንሽ ይከፈትና «ይሠራል» ብላችሁ ትተዉታላችሁ፣ ጭነት ሲመጣ ይነድዳል። እንደ ኢኤስፒ32 ወይም ራስበሪ ፓይ ፒኮ ባሉ 3.3 ቮልት ቦርዶች ላይ ከሆናችሁ «ኤል» ያለውም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም፤ ለዝቅተኛ የጌት ቮልት የተሠራ ፈልጉ። ደግሞ ከጌቱ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርጉ። ቦርዱ ገና ሲነሳ ፒኖቹ ኢንፑት ናቸው፣ ማለትም ጌቱን ላይም ታችም የሚይዘው የለም፣ ስለዚህ ሞተራችሁ ኮዱ ሳይጀምር በራሱ ሊዞር ይችላል። መጋዝ ወይም የሮቦት ክንድ ላይ እንዲህ ሲሆን ቀልድ አይደለም።

ወደ ዳዮዱ፣ ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚያሳልፈው ዕቃ፣ እንምጣ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘለው እሱን ነው፣ ያለሱም ለጊዜው ስለሚሠራ። የሞተር ጥቅልል ውስጥ የሚሄድ ከረንት በሙሉ ፍጥነት እየሮጠ እንዳለ ሰው ነው፤ በድንገት ቁም ብትሉት ባለበት አይቆምም፣ ፊቱ ያለውን ገፍቶ ያልፋል። ትራንዚስተሩ ሲዘጋ ከረንቱ መሄጃ ያጣል፣ ጥቅልሉ በራሱ ቮልት ይፈጥራል፣ ያ ቮልት ከባትሪያችሁ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ዞሮ ዞሮ ትራንዚስተሩን በስቶ ይወጣል። ዳዮድ በሞተሩ ሁለት እግሮች መካከል ስታደርጉ ለከረንቱ መመለሻ መንገድ ሰጣችሁት፣ እዚያው ዞሮ ዞሮ ይሞታል። መስመሯ ያለችበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ ነው። ገልብጣችሁ ካደረጋችሁት ትራንዚስተሩ በተከፈተ ቁጥር ባትሪውን ሾርት ያደርገዋል፣ ስለዚህ ኃይል ከመስጠታችሁ በፊት ሁለቴ እዩት። 1ኤን4007 ለማብራትና ለማጥፋት ይበቃል። ፍጥነት በፒደብልዩኤም፣ ማለትም በፍጥነት እያበራችሁ እያጠፋችሁ፣ የምትቀያይሩ ከሆነ እንደ 1ኤን5819 ያለ ሾትኪ ዳዮድ ይሻላል፣ ፈጣን ነው፣ የሚበላው ቮልትም ትንሽ ነው። ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) እና ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ ብረት የሚስብ ወይም የሚገፋ ዕቃ) ውስጣቸው ጥቅልል ስለሆነ ሕጉ ለእነሱም ያው ነው።

እዚህ ጋ ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ሞተሩ የራሱ ባትሪ አለው፣ ቦርዱ የራሱ ዩኤስቢ አለው፣ ታዲያ ለምንድን ነው ሽቦ የማገናኛቸው?» የሚል። ፒኑ «5 ቮልት» ሲል ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው? ከራሱ ግራውንድ። ትራንዚስተሩ ያንን 5 ቮልት ሊያየው የሚችለው የሱም ግራውንድ ያው ከሆነ ብቻ ነው። ከፒኑ የወጣችው ትንሽ ከረንትም ወደ ቦርዱ መመለሻ ትፈልጋለች፣ መመለሻ ከሌላት መጀመሪያውኑ አትወጣም። ስለዚህ ኔጌቲቮቹን አገናኙ። ፖዘቲቮቹን ግን አታገናኙ፤ 6 ቮልትና 5 ቮልት አንድ ላይ ከታሰሩ አንዱ ወደ ሌላው ይገፋል፣ መጨረሻው አያምርም። ሰርቮ፣ በታዘዘበት ማዕዘን ላይ የሚቆም ሞተር፣ ያለ ምክንያት ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ መጀመሪያ የምታዩት ይቺን የግራውንድ ሽቦ ነው። ብሬድቦርድ (ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፣ አንዳንዱ ብሬድቦርድ ላይ በጎን ያለው ረጅም መስመር መሃሉ ላይ የተቆረጠ ነው። ግራውንዱን በአንዱ ግማሽ ሰክታችሁ ሞተሩን በሌላኛው፣ «አገናኝቻለሁ» ብላችሁ ትምላላችሁ።

ወደፊትም ወደኋላም እንዲሄድ ከፈለጋችሁ አንድ ትራንዚስተር አይበቃም፣ ኤች ብሪጅ ያስፈልጋል። አራት ማብሪያዎች ናቸው፣ ሁለቱ ሲከፈቱ ወዲህ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሲከፈቱ ወዲያ። በራሳችሁ አትሥሩት፤ በአንድ ወገን ያሉት ሁለቱ በስህተት አብረው ከተከፈቱ ባትሪው ሾርት ነው። የተዘጋጀ ድራይቨር ግዙ።

ሁሉም ሰው እጅ ላይ ያለው ይሄ ትልቅ የብረት ማቀዝቀዣ የተሸከመ ቀይ ሰሌዳ፣ ኤል298ኤን ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ለትንሽ ሮቦት አልመርጠውም። በውስጡ ያሉት የድሮ ዓይነት ትራንዚስተሮች ስለሆኑ 2 ቮልት ገደማ እሱ ራሱ ይበላል፣ ከረንቱ ሲጨምር ከዚያም በላይ። የ6 ቮልት ባትሪ ሰጥታችሁት ሞተሩ የሚያገኘው 4 ነው። ያ ማቀዝቀዣ ብረት ያለ ምክንያት አልተሰቀለም፣ የጠፋው ጉልበት እዚያ ሙቀት ሆኖ ስለሚወጣ ነው። ቲቢ6612 በሞስፌት ስለተሠራ የሚያባክነው ጥቂት ነው፣ በአንድ ሞተር 1.2 አምፔር ሳያቋርጥ ይችላል፣ መጠኑም ከአውራ ጣት አይበልጥም። እሱ ላይ ደግሞ ስታንድባይ የሚባል ፒን አለ፣ 5 ቮልት ካላገኘ ድራይቨሩ ተኝቶ ነው የሚውለው። «ሁሉንም በትክክል ሰካሁ፣ አይሠራም» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ እሱን የረሱ ናቸው። ኤል298ኤን ካላችሁም አትጣሉት፤ 12 ቮልት ባትሪ ላይ ያ የሚበላው 2 ቮልት ብዙም አይታወቅም። ከ12 በላይ ከሰጣችሁት ግን 5 ቮልት የምታወጣዋን ጃምፐር (ሁለት እግር የምታገናኝ ትንሽ ቆብ) አውልቁ፣ ላዩ ላይ ያለው ሬጉሌተር፣ ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርደው ዕቃ፣ አይችለውም።

ስለ ፍጥነት ትንሽ። ኡኖ ላይ ፒደብልዩኤም ያላቸው ፒኖች 3፣ 5፣ 6፣ 9፣ 10 እና 11 ናቸው። በኮዱ ከ0 እስከ 255 ያለ የፍጥነት ቁጥር ስትሰጡ ፒኑ ቮልት አይቀንስም፣ ሙሉ 5 ቮልቱን በፍጥነት እያበራ እያጠፋ ነው። ዝቅተኛ ቁጥር ላይ ሞተሩ ያፏጫል እንጂ አይዞርም፣ የጥርሶቹን ሰበቃ ለማሸነፍ ጉልበት ስለሚያንሰው። መጀመሪያ ለአፍታ ሙሉ ስጡት፣ ሲነሳ ወደምትፈልጉት አውርዱት።

ሰርቮ ለየት ይላል፣ ድራይቨሩ ውስጡ ነው ያለው። ኤስጂ90 ሦስት ሽቦ አለው፦ ቡናማው ግራውንድ፣ ቀዩ ኃይል፣ ብርቱካናማው ትእዛዝ። በየ20 ሚሊሰከንዱ አጭር ምት ይላክለታል፣ ምቷ 1.5 ሚሊሰከንድ ስትሆን መሃል ላይ ይቆማል፣ ስታጥር ወደ አንዱ ጎን፣ ስትረዝም ወደ ሌላው። ትእዛዙን ፒኑ በቀላሉ ይችለዋል። ሰዎች የሚሳሳቱት ቀዩን ሽቦ የቦርዱ 5 ቮልት ላይ ሲሰኩት ነው። አንድ ሰርቮ ያለ ጭነት ይሄዳል። ክንዱ አንድ ነገር ሲያነሳ ግን ከግማሽ አምፔር በላይ ሊጠይቅ ይችላል፣ የኡኖ ዩኤስቢ ፊውዝ ደግሞ 500 ሚሊአምፔር ነው። የሚሆነውን አይታችሁት ይሆናል፦ ሰርቮው ዘለል ይላል፣ ቦርዱ ላይ ያለው መብራት ይደበዝዛል፣ ቺፑ ቮልቱ ስለወረደበት ሪሴት ያደርጋል፣ ኮዱ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ሰርቮውን ያዝዛል፣ ሰርቮው ዘለል ይላል… እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ለሰርቮ የራሱን 5 ቮልት አምጡለት፣ ግራውንዱን አገናኙ፣ አጠገቡ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያከማች ዕቃ) አድርጉ፣ ያቺን የመነሻ ድንገተኛ ጥያቄ እሱ ይሸፍናል። አንድ ነገር ደግሞ ከኮዱ ወገን፦ ኡኖ አር3 ላይ የሰርቮ ላይብረሪ ስትጠቀሙ ፒን 9 እና 10 ላይ ያለው ፒደብልዩኤም ይጠፋል። እዚያ ላይ እንደ ቢጫዋ ያለ ዲሲ ሞተር ካላችሁ ወደ ሌላ ፒን አዙሩት።

ባትሪ ካነሳን፣ ያቺን አራት ማዕዘን 9 ቮልት ባትሪ ለሞተር አታምጧት። 500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ነው የምትይዘው፣ ውስጣዊ ሬዚስታንሷም ትልቅ ነው፣ ትልቅ ከረንት ስትጠይቋት ቮልቷ ወዲያው ይወድቃል። ለጭስ ጠቋሚ ትሁን። በአር3 ቦርድ ቪን (የውጭ ኃይል የሚቀበለው ፒን) በኩል 9 ቮልት ሰጥታችሁ ከ5 ቮልቱ 300 ሚሊአምፔር ብትወስዱ ደግሞ ትርፉ 4 ቮልት ሬጉሌተሩ ላይ 1.2 ዋት ሙቀት ይሆናል። ጣታችሁን ብታስነኩት ይነግራችኋል። አራት ባለ 1.5 ቮልት ትንንሽ ባትሪዎች ተደርድረው ከዚያች ይሻላሉ።

ስቴፐር፣ በትንንሽ እርምጃ የሚዞር ሞተር፣ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ በችኮላ ነው የማልፈው። ትንሿ 28ቢዋይጄ-48 ከዩኤልኤን2003 ሰሌዳ ጋር ነው የምትመጣው፣ ዳዮዶቹ ቺፑ ውስጥ አሉ፣ በ5 ቮልት ትሠራለች፣ ቀርፋፋ ናት ግን ታማኝ። ትልልቆቹን በኤ4988 ድራይቨር የምታዞሩ ከሆነ የከረንት ገደቡን በላዩ ባለችው ትንሽ ብሎን አስተካክሉ፣ ኃይል እያለ ደግሞ የሞተሩን ሽቦ በጭራሽ አትንቀሉ። በዚያች ቅጽበት ድራይቨሩ ሊቃጠል ይችላል። ምክንያቱን ዳዮዱ ጋ አይተነዋል።

ሴንሰሮች ከረንት አይበዛባቸውም፣ እነሱ ላይ ጣጣው ቮልት ነው። ይሄ ሁለት ዓይን ያለው የርቀት መለኪያ፣ ኤችሲ-ኤስአር04፣ በ5 ቮልት ስለሚሠራ ኤኮ ከሚባለው እግሩ የሚወጣውም 5 ቮልት ነው። ኢኤስፒ32 ደግሞ 3.3 ነው የሚችለው። በመሃል ሁለት ሬዚስተር፦ ከኤኮ ወደ ፒኑ 1 ኪሎ ኦም፣ ከፒኑ ወደ ግራውንድ 2 ኪሎ ኦም። 5 ቮልቱ ወደ 3.3 ይወርዳል፣ አለቀ። ሪሌይ ባዶውን ከሆነ ጥቅልሉ 70 ሚሊአምፔር ገደማ ስለሚጠይቅ ትራንዚስተር ያስፈልገዋል፤ ሞጁል ከሆነ ትራንዚስተሩ ላዩ ላይ አለ፣ ግን ብዙዎቹ በተገላቢጦሽ ናቸው፣ ዜሮ ስትሰጡት ነው የሚበራው። በሪሌይ የግድግዳ ኤሌክትሪክ ልትቆጣጠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ብሬድቦርድ ላይ አይሆንም፣ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይኑር።

አሁን እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ መጥቷል፦ «ጥፋቱ የኮዱ ይሁን የኃይሉ በምን አውቃለሁ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ቴስተር ብቻውን አይበቃም፣ ቮልቱ የሚወድቀው ለአጭር ቅጽበት ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ሳታዩት ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ አድርጉ፦ ሴትአፕ (ቦርዱ ሲነሳ አንዴ ብቻ የሚሠራው የኮዱ ክፍል) ውስጥ መጀመሪያ ላይ በሲሪያል፣ ማለትም በዩኤስቢው በኩል ኮምፒውተራችሁ ላይ፣ «ጀመርኩ» ብሎ እንዲጽፍ አድርጉ። ከዚያ ሞተሩን አስነሱ። «ጀመርኩ» ደጋግሞ ከወጣ ቦርዱ እየሞተ እየተነሳ ነው፣ ኮዱን አትንኩት፣ ወደ ባትሪውና ወደ ካፓሲተሩ ሂዱ። አንዴ ብቻ ወጥቶ ሞተሩ እንቢ ካለ ሞተሩን ከድራይቨሩ ነቅላችሁ ቀጥታ ባትሪው ላይ ሞክሩት። ዞረ? እንግዲያው ቴስተሩን የድራይቨሩ ኢንፑት ፒን ላይ አድርጉ፣ ጥቁሩን ጫፍ ድራይቨሩ ግራውንድ ላይ እንጂ ቦርዱ ላይ አታድርጉት፤ እዚያ 5 ቮልት ካልታየ ግራውንዱ አልተገናኘም ወይ የተሳሳተ ፒን ነው። 5 ቮልቱ ካለ ስታንድባዩን፣ ወይም ድራይቨራችሁ ላይ ካለ ኢኔብል የሚባለውን ማስነሻ ፒን እዩ።